የዶሮ መኖ ለዓሣ የማይሰጠው ቫይታሚን

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ኩሬ ቆፍረው ወይም ጂኦሜምብሬን የተባለውን ፕላስቲክ አንጥፈው ቆሮሶ ለማርባት ከተነሡ፣ መኖ ፍለጋ መጀመሪያ የሚያመሩት ወደ ዶሮ መኖ መሸጫ መሆኑ አይቀርም። ለዓሣ ተብሎ የተዘጋጀ መኖ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው ያስደነግጣል። የዶሮው መኖ ግን ቅርብ ነው፣ ፕሮቲን አለው፣ ቫይታሚንና ማዕድን እንደተጨመረበትም ይነገርለታል። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ እውነትነቱ ግን ለዶሮ ነው። ዶሮ ቫይታሚን ሲን በኩላሊቷ ራሷ ትሠራለች፤ ላምም በጉበቷ ትሠራዋለች። በዚህ ምክንያት የዶሮ ፕሪሚክስ፣ ማለትም ከመኖው ጋር የሚደባለቀው የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጥ፣ ሲዘጋጅ ቫይታሚን ሲ አብዛኛውን ጊዜ አይገባበትም። ቆሮሶና አምባዛ ግን በዚህ ነገር እንደ ሰው ናቸው። ቫይታሚኑን የሚሠራው ኢንዛይም በሰውነታቸው ስለሌለ ካልበሉት አያገኙትም። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉም አርቢ ቫይታሚን ይግዛ» ማለት ግን ስሕተት ነው። ቫይታሚን ከመግዛትዎ በፊት ዓሣዎ አሁን ከየት እያገኘ እንደሆነ ይወቁ። ጥሩ ኩሬ ያለው ሰው ለቫይታሚን የሚያወጣው ገንዘብ ከንቱ ሊሆን ይችላል፤ ንጹሕ የጉድጓድ ውሃ በገንዳ የያዘ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ዓሣውን ያጎብጣል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ልዩነቱ በተግባር የታየው ከእኛ ርቆ፣ በአሜሪካ ነው። በመረብ ቅርጫት ታጉረው በመኖ ብቻ የሚቀለቡ የአሜሪካ አምባዛዎች አከርካሪያቸው እየጎበጠ፣ አንዳንዱም እየተሰበረ ያድጉ ነበር። በአላባማ የአውበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ሎቬል እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በቅርጫት ውስጥ በብርቱ ለሚቀለብ ዓሣ ቫይታሚን ሲ የግድ በመኖው ውስጥ መኖር እንዳለበት አሳየ። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ያለው «በቅርጫት» በምትለው ቃል ላይ ነው። በኩሬ ውስጥ እንደ ልቡ የሚዋኝ ዓሣ ከመኖው ከረጢት ያጣውን ከውሃው ይለቅማል፤ አልጌው፣ ደቃቁ የውሃ ነፍሳት፣ በጭቃው ውስጥ ያለው ትል ሁሉ ቫይታሚን የያዘ ሕያው ምግብ ነው። የታጎረው ዓሣ ግን ሰው የሰጠውን ብቻ ይበላል። የጂኦሜምብሬን ገንዳ መረብ የለውም እንጂ ከቅርጫት አይለይም። ታቹ ፕላስቲክ ነው፣ ውሃው ከጉድጓድ የወጣ ንጹሕ ነው፣ ዓሣውም ተጨናንቆ ይኖራል። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ መደብር አንድ ዓይነት መኖ ገዝተው የአንዱ ዓሣ ደኅና ሲያድግ የሌላው ቢጎብጥ፣ አንዱ ዕድለኛ ሌላው ዕድለ ቢስ ሆኖ አይደለም፤ የውሃቸው ልዩነት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ውሃውን ማንበብ ነው። ይህ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ፀሐይ ከፍ ባለችበት ሰዓት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ፣ ከኩሬው ዳር ይንበርከኩና ክንድዎን ቀጥ አድርገው መዳፍዎን ዘርግተው ቀስ ብለው ይንከሩ። ውሃው ክርንዎ አካባቢ ሲደርስ መዳፍዎ ከዓይን ከተሰወረ ኩሬው በቂ ሕያው ምግብ አለው። ውሃው የእጅዎን አንጓ ብቻ ነክቶ መዳፍዎ ከጠፋ አረንጓዴው ከልክ አልፏል፤ ሌሊት ኦክስጅኑን ይጨርስና ንጋት ላይ ዓሣው አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ሲያዛጋ ያገኙታል። ውሃው ብብትዎ ጋ ደርሶም ጣቶችዎ ከታዩ ኩሬው ባዶ ነው ማለት ነው። ግን እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። ከሰበታ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ተፍኪንና ተጂን ይዞ የተዘረጋው የበቾ ሜዳ ዋልካ አፈር ነው፤ እዚያ የተቆፈረ ኩሬ ምግብ ባይኖረውም ውሃው ይደፈርሳል። መዳፍዎን የሰወረው አልጌ ይሁን ጭቃ ለማወቅ ከኩሬው በነጭ ብርጭቆ ይቅዱና ሳይነኩት ያሳድሩት። ጠዋት ጭቃው ከታች ተኝቶ ከላይ ያለው ውሃ ጠርቶ ከተገኘ ደፍራሹ አታልሎዎታል፤ ውሃው አሁንም አረንጓዴ ካለ ግን አልጌ ነው።

ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ዓሣዎ በካሬ ሜትር ከሁለት የማይበልጥ ከሆነ፣ የቫይታሚን ገንዘብዎን በኪስዎ ያቆዩት። ቆሮሶ አልጌ ለቅሞ የመፍጨት ተሰጥኦ ያለው ዓሣ ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ኩሬ የሚበጀው ፕሪሚክስ ሳይሆን ፍግ ነው። ለ100 ካሬ ሜትር ኩሬ በሳምንት እስከ 5 ኪሎ ደረቅ የዶሮ ፍግ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ሦስት ቀን ከፋፍለው ይስጡ። በክንድዎ እየለኩ ውሃው ሲወፍር ያቁሙ፣ ሲሳሳ ይቀጥሉ። ብርድ ሲበረታ አልጌውም ዓሣውም ስለሚዘገዩ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ። ባዶ ውሃ ያለው ኩሬ ደግሞ ከቫይታሚን በፊት ይህን ሕክምና ይሞክር፤ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ከአንድ ቫይታሚን የሚያልፍ ነው። የፍግ ሽታና ንጽሕና ለሚያሳስበው ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ፍጉ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ ዓሣው ለገበያ ከመውጣቱ በፊትም ሁለት ሳምንት ያህል ፍግ መጨመር ይቁም።

ገንዳ ያላቸው፣ በካሬ ሜትር አምስትና ከዚያ በላይ ዓሣ ያከማቹ፣ ወይም ገና የጣት ጥፍር የሚያህሉ ጫጩቶችን በንጹሕ ውሃ የሚያሳድጉ አርቢዎች ግን ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይመለከታቸዋል። ጫጩት በሳምንታት ውስጥ ክብደቱን ደጋግሞ ያጥፋል፤ አጥንቱና ቆዳው የሚያያዙበት ኮላጅን የሚባለው ክር የሚገመደው በቫይታሚን ሲ ስለሆነ፣ በዚያ ዕድሜ የተጓደለው በኋላ አይተካም። በሰበታ የሚገኘው የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ለአካባቢው ትልቅ ጸጋ ነው። ከማዕከሉ ጫጩት ሲወስዱ ምን ሲበላ እንደቆየና በምን ዓይነት ውሃ እንዳደገ ይጠይቁ። ከአረንጓዴ ኩሬ ወጥቶ በቀጥታ ንጹሕ ገንዳ ውስጥ የሚገባ ጫጩት ስንቁን ይዞ ይመጣል፤ ስንቁ ግን የሳምንታት እንጂ የወራት አይደለም።

ሁለተኛው ሥራ ዓሣውን ማየት ነው። በወር አንድ ጊዜ ሃያ ያህል ዓሣ በመረብ አውጥተው ግማሹን ውሃ በሞላ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ያድርጉ። ጎንበስ ብለው ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ፤ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ያለው መስመር እንደ ክር የቀና መሆን አለበት። ወደ ጎን እንደ እባብ የተጣጠፈ፣ ወይም ከጎን ሲታይ ጀርባው የጎበጠ ወይም የሰረጎደ ካለ ለይተው ይቁጠሩ። ቀጥለው የስንጥቡን ክዳን ይዩ፤ ጤነኛ ዓሣ ላይ ክዳኑ ስንጥቡን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ እጥረት ሲኖር ክዳኑ ያጥራል፣ ቀዩ ስንጥብም ከጠርዙ ብቅ ብሎ ይታያል። በክንፎቹ ሥር የደም ነጠብጣብ፣ በመረብ የተቧጨረበት ቦታ ሳይድን መሰንበት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ እነዚህ ሁሉ አብረው ይመጣሉ። ከሃያው አንድ ጎባጣ ቢያገኙ አይደናገጡ፤ በዘር፣ በጉዳት ወይም በጥገኛ ተውሳክም ይመጣል። በተለይ አርቢው ዘር ሳይለውጥ ለዓመታት የራሱን ዓሣ ሲያራባ ከቆየ ጥፋቱ የዝምድና እርባታ ሊሆን ይችላል። አራት አምስት ከሆኑ ግን፣ ያውም በአንድ ጊዜ በገቡ እኩዮች ላይ፣ ጥርጣሬው በቀጥታ መኖው ላይ ያርፋል። አንዴ የጎበጠ አከርካሪ አይቃናም፤ እነዚያን ዓሦች ቀድመው ለምግብ ያውጧቸው፤ ለመብላት ምንም ነውር የለባቸውም። ሕክምናው የሚያድነው የቀሩትን ነው።

ሦስተኛው ሥራ መኖውን መመርመር ነው። በዚህ አካባቢ የዓሣ መኖ የሚቀመመው ከኑግ ፋጉሎ፣ ከስንዴ ፍሩሽካ፣ ከበቆሎ ዱቄትና አቅም ካለ ከአኩሪ አተር ነው። ደረቅ ዘር ቫይታሚን ሲ የሚባል ነገር የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቫይታሚን ዲም የለውም። የእኛ ነጭ በቆሎ ደግሞ ቢጫው የሚይዘውን የቫይታሚን ኤ መነሻ አልያዘም። የቢ ቫይታሚኖች ግን በፍሩሽካውና በፋጉሎው ውስጥ በመጠኑ አሉ። ሰበታ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ አገር እንደመሆኗ የቢራ ተረፈ ምርት ለላም ቀለብ ሲጫን ማየት የተለመደ ነው፤ ለዓሣም ይሆናል፤ ሆኖም የብቅሉ ገለባ ሲጨመቅና ሲታጠብ ብዙ ቫይታሚኑን ለቢራው ሰጥቷል። በቢ ቫይታሚን የከበረው ከሥር የሚቀረው እርሾ ነው። እርሾ ካገኙ አፍልተው ይስጡት፤ በሕይወት ያለ እርሾ ቫይታሚኑን ለዓሣው ከመልቀቅ ይልቅ ለራሱ ይይዛል። ቢ 12 ለቆሮሶ መግዛት አያስፈልግም፤ በአንጀቱ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይሠሩለታል። እንዲህ እየቀናነሱ ሲሄዱ ከመኖው ጎድሎ የሚቀረው ዋነኛው ነገር እንደገና ቫይታሚን ሲ ይሆናል።

«ታዲያ ጎመን ብሰጠውስ?» የሚል ሰው ጥሩ ጥያቄ ጠይቋል። ቆሮሶ ቅጠል ይበላል፤ የተከተፈ እርጥብ ጎመን ወይም አልፋልፋ ቫይታሚን ሲንም የቫይታሚን ኤ መነሻንም ይዟል። ቆሮሶ ከቅጠል የሚያገኘውን መነሻ ወደ ቫይታሚን ኤ መለወጥ ይችላል፤ ብዙው ቢባክንም። ቅጠሉን በእስር አድርገው በገመድ ያንጠልጥሉት፤ በማግሥቱ የተረፈውን ያውጡ፣ ካልወጣ ይበሰብሳል። በጥቂት ዓሣ ላይ ይህ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ አምባዛ ለቅጠል ደንታ የለውም። ሁለተኛ፣ በፀሐይ የደረቀ ቅጠል፣ ጎመንም ይሁን ከቆላ የመጣ ሺፈራው፣ ቫይታሚን ሲውን በመንገድ ላይ ጥሎ ነው የሚደርሰው። ደረቁን ለፕሮቲኑ ይጠቀሙበት፤ ለቫይታሚን ሲ ግን እርጥቡን ብቻ ይመኑ።

ከገበያ የተረፈ የዓሣ ሆድ ዕቃ ለአምባዛ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ስለ ዱባ ዓሣ ይጠንቀቅ። የጥሬ ዱባ ሥጋና ሆድ ዕቃ ቫይታሚን ቢ 1ን የሚሰባብር ኢንዛይም አለው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ ጥሬ ዱባ ይመገቡ የነበሩ የእርባታ ቀበሮዎች ሽባ ሆነው አልቀዋል፤ በኋላ ሲመረመር የቢ 1 እጦት ሆኖ ተገኘ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማፍላት። እሳት ኢንዛይሙን ይገድለዋል።

እዚህ ላይ ከቫይታሚን እጥረት የሚከፋ ነገር መነሣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ ሰበታንና ሱሉልታን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት አቅራቢ አካባቢዎች ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም የሻጋታ መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ ተገኝቶባቸዋል፤ ምንጩም በዋናነት ላሞቹ ከሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ጋር ተያይዟል። ይኸው ፋጉሎ ነው ወደ ዓሣ ኩሬ የሚገባው። ሻጋታ የዓሣን ጉበት ያበላሻል፤ ጉበቱ የታመመ ዓሣ ደግሞ ያገኘውን ቫይታሚን እንኳ በአግባቡ አይጠቀምበትም። የሻገተ መኖ ላይ ቫይታሚን መርጨት መኖውን አያድነውም። ፋጉሎ ሲገዙ ሰብረው ውስጡን ይዩ፣ ያሽትቱት፤ የኑግ ዘይት ሽታው ወደ ቀለም ሽታ ከተለወጠ ቅባቱ ቆምጥጧል፤ በውስጡ የነበረው ቫይታሚን ኢም በዚያው ተቃጥሏል። ከወር ቀለብ በላይ አይግዙ። ከረጢቱን ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ አርቀው፣ ፀሐይ ከማይነካው ቦታ ያኑሩት። በክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም የዚህ አካባቢ አየር እርጥብ ስለሆነ የሁለት ሳምንት ቀለብ ብቻ ቢይዙ ይሻላል።

አሁን ወደ ድብልቁ እንምጣ። ቆሮሶ በኪሎ መኖ 50 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ቢያገኝ ይበቃዋል ተብሎ ሲሠራበት ቆይቷል። ግን ተራው ቫይታሚን ሲ፣ አስኮርቢክ አሲድ የሚባለው፣ ተሰባሪ ነገር ነው፦ ሙቀት፣ ብርሃን፣ እርጥበት፣ ብረትና መዳብ ያጠፉታል፤ የቀረውም ውሃ እንደነካው ከመኖው እየሟሟ ይወጣል። ስለዚህ በእጅ ሲጨምሩ 200 ሚሊ ግራም በኪሎ አድርገው ይነሡ። ስሌቱን አንድ ጊዜ አብረን እንሥራው። በገንዳዎ ውስጥ 200 ዓሣ አለ እንበል፤ የእያንዳንዱ አማካይ ክብደት 60 ግራም ከሆነ ጠቅላላው 12 ኪሎ ነው። በቀን ከክብደታቸው 3 በመቶ ቢቀለቡ 360 ግራም መኖ ይሆናል፤ በሳምንት ሁለት ኪሎ ተኩል። በኪሎ 200 ሚሊ ግራም ማለት ለሳምንቱ ሙሉ 500 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ብቻ ነው። አንዲት ሰው የሚውጣት ክኒን ይህን ትይዛለች። ሁለት መቶ ዓሣ፣ ሳምንት ሙሉ፣ በአንዲት ክኒን መጠን! ችግሩ የገንዘብ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ችግሩ ይህችን ቁንጣሪ ሁለት ኪሎ ተኩል መኖ ውስጥ እያንዳንዱ ዓሣ እንዲደርሰው አድርጎ መበተኑ ላይ ነው።

አበታተኑ እንዲህ ነው። ንጹሕ የአስኮርቢክ አሲድ ዱቄት ቢገኝ ይመረጣል፤ ካልተገኘ ቀለምና ጣዕም ያልተጨመረበት ክኒን ደቁሰው ይጠቀሙ፤ ሲሟሟ የሚፈላው ዓይነት አይሁን። ለሁለት ኪሎ ተኩል እንክብል መኖ አንድ የቡና ሲኒ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይበቃል፤ ዱቄቱን በውሃው ውስጥ ፈጽሞ እስኪጠፋ ያማስሉ። መኖውን በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ዘርግተው፣ ውሃውን በመርጫ ጠርሙስ እየነፉ በሌላው እጅዎ ከሥር ወደ ላይ ያገላብጡ። የብረት ትሪ አይጠቀሙ። እንክብሉ እርጥበቱን ጠጥቶ ሲያበቃ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምረው እንደገና ያገላብጡ፤ ዘይቱ በእያንዳንዱ እንክብል ላይ ቀጭን ልባስ ሆኖ ቫይታሚኑ ቶሎ እንዳይሟሟ ይከላከላል። ከዚያ በጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ያናፍሱት። ፀሐይ ላይ ማስጣት የለመደ እጅ እዚህ ላይ መታገሥ አለበት፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የጠዋቱን ልፋት ያጠፋዋል። የተዘጋጀውን ክዳን ባለው ዕቃ አድርገው በሳምንት ውስጥ ይጨርሱት፤ ግማሽ ግማሹን በሦስት አራት ቀን ልዩነት ቢያዘጋጁት ደግሞ የበለጠ ነው።

መኖዎ እንክብል ሳይሆን ዱቄት ከሆነ ሥራው ይለወጣል። ዱቄት ውሃ ላይ ሲበተን ግማሹ ሳይበላ ይሰምጣል፤ ቫይታሚኑም ይታጠባል። ከመኖው ውስጥ አንድ አሥረኛ ያህሉን የበቆሎ ወይም የስንዴ ዱቄት ወስደው ጠበቅ ያለ ገንፎ ያገንፉ፤ የቀረውን መኖ ያን ገንፎ ውስጥ አቡክተው ድቡልቡል ያድርጉት። ቫይታሚኑ የሚገባው ገንፎው ትኩስ ሳለ አይደለም፤ ጣትዎን ነክረው ያለ ችግር ማቆየት እስኪችሉ ሲቀዘቅዝ ነው። እርጥብ ቡኮ ስለማይቆይ የዕለቱን ለዕለቱ ይሥሩ። በዱቄት መልክ የተገዛ ፕሪሚክስ ለመደባለቅ ደግሞ ትንሹን ከትንሽ ጋር ይጀምሩ፦ አንድ ማንኪያ ፕሪሚክስ ከአንድ ማንኪያ መኖ ጋር፣ ያ ሁለት ማንኪያ ከሌላ ሁለት ጋር፣ አራቱ ከአራት ጋር፣ እንዲህ እያጠፉ እስከ ሙሉው ድረስ። በአንድ ጊዜ አፍስሶ በአካፋ ማማሰል አንዱን ዓሣ ያጠግባል፣ አሥሩን ያስርባል።

«ዋጋው ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ እጥፍ ድርብ ብጨምርስ?» ለሚለው መልሱ እንደ ቫይታሚኑ ዓይነት ይለያያል። ቫይታሚን ሲ ሲበዛ ዓሣው ትርፉን አያከማችም፣ ያስወጣዋል፤ ጉዳቱ ብክነት ነው። ቫይታሚን ኤ እና ዲ ግን በጉበትና በስብ ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ሲበዙ ራሳቸው መርዝ ይሆናሉ፣ ዕድገት ይገታሉ፣ አጥንት ያበላሻሉ። ስለዚህ ሁሉን የያዘ ፕሪሚክስ ገዝቶ፣ ከውስጡ ቫይታሚን ሲ ለማግኘት ብሎ ሦስት እጥፍ መጨመር አደገኛ አቋራጭ ነው። ፕሪሚክስ የሚገዙ ከሆነ በማሸጊያው ላይ ለዓሣ የተዘጋጀ መሆኑን፣ ቫይታሚን ሲ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን፣ ማብቂያ ቀኑን ይዩ። ቫይታሚን ሲው ከፎስፌት ጋር የተጣመረ፣ አስኮርቢል ፖሊፎስፌት የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሙቀትና ክምችትን በእጅጉ ይችላል፤ ዋጋው ቢወደድም መኖውን በማሽን አሙቆ ለሚጨምቅ ሰው የሚሻለው ምርጫ ይህ ነው። ከተከፈተ ጆንያ በጭልፋ ተመዝኖ የሚሸጥ ፕሪሚክስ ግን፣ አየርና ብርሃን ሲነካው ከርሟልና፣ በርካሽም ቢሆን አይግዙት።

ሌላው ብርቱ ተቃውሞ የሚመጣው ከሱሉልታ በኩል ነው፦ «የእኛ ዓሣ የማያድገው በብርድ ነው፤ ቫይታሚን ምን ያደርግለታል?» ይህ ተቃውሞ ግማሽ ልክ ነው፤ ግማሹም ከብዙ ምክር ይበልጣል። ቆሮሶ ደስ የሚለው ውሃው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ከ20 በታች የሚበላው ይቀንሳል፣ ወደ 12 ሲወርድ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ የሚጥልበት ደጋ ላይ የትኛውም ቫይታሚን የውሃን ሙቀት አይተካም። መጀመሪያ ገንዘቡ የሚውለው ኩሬውን ወደ አንድ ሜትር ተኩል በማጥለቅ፣ ሌሊት ላይ በላስቲክ ቤት በመሸፈን፣ ወይም ብርድን የሚችለውን ዱባ ዓሣ በማርባት ነው። ዱባ የውጭ ዝርያ ስለሆነ የኩሬው መውጫ ጥሩ ወንፊት ይኑረው፤ ወደ ወንዝ ማምለጥ የለበትም። ሆኖም ብርድ ሌላ ነገርም ያደርጋል፦ ዓሣው ጥቂት ስለሚበላ በዚያች ጥቂት መኖ ውስጥ ያለው ቫይታሚን የበለጠ ዋጋ ያገኛል፤ አልጌውም ስለሚዘገይ ከውሃው የሚለቀመው ይቀንሳል። በእነዚህ ወራት የቀን ቀለቡን ወደ 1 ወይም 1.5 በመቶ ዝቅ ያድርጉ፤ ውሃው በሚሞቅበት ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መካከል ብቻ ይመግቡ፤ ቫይታሚን ሲ የገባበት መኖም ውርጩ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጀመር። ዓሣ ከማጓጓዝና ከመለየት በፊትም እንዲሁ ያድርጉ፤ ቆዳው በመረብ ተፍቆ ሲቆስል ቁስሉን የሚጠግነው ይኸው ቫይታሚን ነው።

ውጤቱን ለማየት ትዕግሥትና ሚዛን ያስፈልጋል። መጀመሪያ ቀን ሃያ ዓሣ መዝነው፣ የጎበጡትንና የስንጥብ ክዳናቸው ያጠረውን ቆጥረው በደብተር ያስፍሩ። ሁለት ገንዳ ካለዎት አንዱን ብቻ ቫይታሚን ይስጡ፤ ሌላው በቀድሞው መኖ ይቀጥል። ያለዚህ ንጽጽር የመጣው ለውጥ የቫይታሚኑ ይሁን የአየሩ መሞቅ መለየት አይቻልም። ከአራት ሳምንት በኋላና ከስምንት ሳምንት በኋላ ያንኑ ይድገሙ። የሚጠብቁት የጎበጠው መቃናት ሳይሆን አዲስ ጎባጣ አለመጨመሩ፣ በመረብ የተፋቀው ቦታ ቶሎ መዳኑና በመኖ ሰዓት የሚታየው መንጠቅ ነው። በስምንት ሳምንት ውስጥ በሁለቱ ገንዳዎች መካከል ልዩነት ካልታየ ቫይታሚኑን ያቁሙና ገንዘቡን ወደ ፕሮቲኑ ያዙሩት፤ ምናልባት ውሃዎ ቀድሞውኑ ሲቀልባቸው ኖሯል። ልዩነት ከታየ ደግሞ ገበያው ለሚደምቅበት ለዐቢይ ጾም ለማድረስ ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ ጫጩት ከገባበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሳያቋርጡ ይስጡ፣ መዝግበውም ይያዙ፤ ደብተሩንም በሰበታ ላለው ማዕከል ባለሙያ ይዘው ቢሄዱ የሚሰጡዎት ምክር በግምት ሳይሆን በእርስዎ ውሃና በእርስዎ ዓሣ ላይ የተመሠረተ ይሆናል።